የእሜቴ እንቁላሎችና እትዬ ዘምዘም

ባለፈው ሳምንት አያሃ ሰፈር የሠራነውን ቤት ግቢ ሲሚንቶ ስናስለብስ ነበር። ግንበኛው በጠራራ ፀሐይ ውሃ ሲያርከፈክፍበት ያ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው፤ ቆሜ ሳለሁ ሳቄ መጣ። ሰውየው በሥራው የሳቅሁ መስሎት ቀና ብሎ ገረመመኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ያ ሽታ ሁልጊዜ እትዬ ዘምዘምን ይዞብኝ ይመጣል፤ እትዬ ዘምዘምን ደግሞ ሳይስቁ ማስታወስ አይቻልም።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ የሶማሌዎች ከተማ ውስጥ፣ 31 ሜይ በሚባል ሰፈር በተከራየነው ግቢ ጎረቤታችን ነበሩ። ከደሴ የመጡ፣ ሳምቡሳ እየጠበሱ ዋሄን ገበያ የሚያስረክቡ፣ ድምፃቸው እንደ ወንድ የጎረነነ ሴት። እጃቸው ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ዶሮ ያረቡ ነበር፤ ስለ ዶሮ የማያውቁት ነገር የለም። ችግሩ፣ ዶሮን ያወቀ ሰው ሌላውንም ፍጥረት ሁሉ ያወቀ ይመስላቸዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ የሚያስታርቁት በአውራ ዶሮ ምሳሌ ነበር።

ከዶሮዎቹ ጋር እሜቴ የምትባል ኤሊ ነበረቻቸው። ቅርፊቷ ቢጫ ሆኖ በጥቁር ነጥብ የተዥጎረጎረ፣ የሐብሐብ ልጣጭ ስታይ አንገቷን የምታስረዝም ኩሩ ፍጡር። እኔ እሜቴን ከብዙ ዘመዶቼ አብልጬ እወዳት ነበር። ውሸት ምን ያደርግልኛል?

የግቢው ባለቤት ኤዶ ሆዳን ነበረች። «ኤዶ» በሶማልኛ አክስት እንደማለት ነው። ወገኖቿ ከጦርነት ሸሽተው በተሰደዱበት ዘመን ሐረር ስላደገች አማርኛዋ ከእኛ ይበልጥ ነበር፤ አንቱ ስንላት ስለምትስቅብን አንቺ እንላታለን። አንድ ቀን «ጭቃው አንገሸገሸኝ፣ ግቢውን ሙሉ ሲሚንቶ ላስለብሰው ነው» ብላ ተነሳች። በዚያው ሰሞን እሜቴን ከግድግዳው ጥግ አፈሩን በኋላ እግሯ ስትቆፍር አየኋት። ክብ ክብ ነጫጭ እንቁላሎች ጥላ፣ አፈር መልሳባቸው፣ ምንም እንዳልሠራች ሰው ጥላቸው ሄደች። እኔ እየጮህኩ ወደ እትዬ ዘምዘም በረርኩ።

«ሆዳን፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ ይቺን ጥግ ተይላት» አሉ እትዬ ዘምዘም። «ሁሉንም ከደፈንሽው ምኑ ላይ ትወልዳለች?»

«ልጆቿን ካሳየሽኝ እተውላታለሁ። ካልተፈለፈሉ ግን ጥጉም ሲሚንቶ ነው» አለች ኤዶ ሆዳን። ለጥጉ የሚሆን ግማሽ ጆንያ ሲሚንቶም ግድግዳው ሥር አስቀመጠች።

የግንበኞቹ እግር እንዳይረግጣቸው እንቁላሎቹን ማውጣት ነበረብን። እትዬ ዘምዘም ዶሮ ሲያስታቅፉ እንደሚያደርጉት፣ ዶሮዋ አዲስ ከምትጥለው እንዳይቀላቀል፣ የእያንዳንዱን አናት በከሰል ምልክት አደረጉበት። ከዚያ ለመታቀፍ ከተዘጋጀች ቀይ ዶሮ ሥር አስገቧቸው። «እትዬ፣ ኤሊ እኮ ናት» ብላቸው «ኤሊ ማለት ጋሻ ያነገበች ዶሮ ናት» አሉኝ። ዶሮዋ ምን ታውቃለች? ተኮፍሳ ታቀፈች።

በማግስቱ ኤዶ ሆዳን ይህን ስታይ ጮኸች። «ዘምዘም፣ አብደሻል? ኤሊ ቀብራ ነው የምትሄደው። ማን ያገላብጥላታል? ዶሮዋ አገላብጣ ልትገድላቸው ነው!» ዶሮዋን ስናነሳ የአንዳንዱ እንቁላል ከሰል ወደ ታች ዞሯል። እትዬ ዘምዘም ከሰሉን አይተው ዶሮዋን በብብታቸው ሸጉጠው ወሰዷት።

ያን ቀን በከተማው መሃል ከሚያልፈው ደረቅ ወንዝ አሸዋ አምጥተን አሮጌ ሳፋ ሞላን፤ እንቁላሎቹንም ከሰሉን ወደ ላይ አድርገን እስከ ግማሻቸው ቀበርናቸው። ሳፋው ቀን ቀን ፀሐይ ይሞቃል፣ ሲመሽ ሳምቡሳ ከሚጠበስበት ምድጃ አጠገብ ያድራል። ሲዛወር እኔ በአንድ በኩል፣ እትዬ በሌላ በኩል ይዘን፣ በየእርምጃው ቢስሚላህ እያልን ነበር። ማሻ አላህ ሳይል ወደ ሳፋው የሚያይ ሰው ጉዱ ፈላ። ውሃ በጣታችን ጫፍ ስንረጨው የሚወጣው የሞቀ አሸዋ ሽታ ከዘይቱ ሽታ ጋር ተደባልቆ ልብሴ ላይ ይቀር ነበር።

ወራት አለፉ፤ ዝናብም መጥቶ ሄደ። ኤዶ ሆዳን በየጠዋቱ «ዘምዘም፣ ልጆችሽ ደህና አደሩ?» እያለች ትተርባለች። «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ እትዬ። «የኤሊው ደግሞ ሲሄድም ቀስ ብሎ ነው!» ብላ ትስቃለች። ግማሾቹ ሸተው የተጣሉ ዕለት ግን ማንም አልቀለደም። እኔ አለቀስኩ፤ እትዬ ዘምዘምም ያን ቀን ሳምቡሳውን ጨው ሳይጨምሩ ጠበሱት።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ አሸዋው ሲነቃነቅ አየሁ። የአንዱ እንቁላል የከሰል ምልክት ለሁለት ተሰንጥቆ ከመሃሉ የሽምብራ ፍሬ የምታክል አፍንጫ ብቅ አለች። «እትዬ! እትዬ!» ጭልፋቸውን እንደያዙ መጡ፤ ዘይቱ ቀሚሳቸው ላይ ይንጠባጠባል። ኤዶ ሆዳን ያለ ጫማ ሮጣ መጥታ «ሱብሐነላህ» አለችና እንደ ልጅ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በአንዴ ሁለት ወጡ። ከኋላችን ሳምቡሳው ከሰል ሆኖ ነበር፤ እያለቀስንም እየሳቅንም እሱኑ በላን። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ቀን ፈልጌ አላገኝም።

የጥጉ ሲሚንቶ በዝናቡ ርሶ ከነጆንያው ድንጋይ ሆኖ ነበር። «ጥጉ የማን እንደሆነ ለሲሚንቶውም ገባው» አሉ እትዬ ዘምዘም፤ ከዚያ ወዲህም ያ ድንጋይ ሳምቡሳ የሚጠቀልሉበት መቀመጫቸው ሆነ።

ወደ ደሴ ሲመለሱ ድንጋዩን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ከሰል ብዬ የሰየምኳትን፣ መጀመሪያ የወጣችውንም ኤሊ ጭምር።

ባለፈው ሳምንት ግንበኛው የግቢያችን ጥግ ሲደርስ አስቆምኩት። «ምን ልትተክዪበት ነው?» አለኝ። በዚህ መሃል ከሰል ከጥላዋ ወጥታ፣ ባልደረቀው ሲሚንቶ ላይ እግሯን እያተመች፣ ቀጥ ብላ ወደ አፈሩ ሄደች። ሰውየው እየተራገመ ሊያስተካክለው ማለስለሻውን ሲያነሳ «ተወው፣ እንዳለ ይድረቅ» አልኩት።

ዱካውን ፎቶ አንስቼ ለእትዬ ዘምዘም በዋትሳፕ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ። ሰላምታ የለ፣ የልጆች ጤና የለ፤ ያው የጎረነነ ድምፅ ብቻ፦ «ጥጉን ተውሽላት?»

ጆንያው ተልጦ እጥፋቱ የቀረበት ያ የሲሚንቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። «ተውኩላት፣ እትዬ» አልኳቸው።