የአምብሮዝ ክንድ

በእንግሊዝ አገር፣ ከአንዲት መንደር በላይ ባለ የጠመኔ ኮረብታ ላይ፣ ሣሩ ተገፎ የተቀረጸ ትልቅ ነጭ መስቀል አለ። በጥንቱ የእርስ በርስ ጦርነት የንጉሡና የፓርላማው ሠራዊት በዚያ ተዳፋት ከተላለቁ በኋላ የተረፉት ናቸው የቀረጹት ይባላል። ግራ ክንዱ ለንጉሡ ሙታን ነው፤ ቀኝ ክንዱ ለፓርላማው። በየዓመቱ ከአጨዳ በፊት የሟቾቹ ዘሮች ይወጡና የየወገናቸውን ክንድ አርመው አዲስ ጠመኔ ይጠቀጥቁበታል። የአንዱ ወገን እጅ የሌላውን ክንድ አይነካም።

ሄስተር የተወለደችው ከንጉሡ ወገን ነው። ያገባችው ግን ከፓርላማው ወገን የተወለደውን አምብሮዝን። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ በጽዳቱ ቀን እሷ ግራውን፣ እሱ ቀኙን ሲጠቀጥቁ ውለው፣ ማታ እራት ላይ የማን ክንድ እንደነጣ ይከራከሩ ነበር። ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ አምብሮዝ ሞተ። ከወገኑ የቀረው እሱ ብቻ ነበርና፣ ሙቀቱ ሲገባ ቀኝ ክንዱን ሣር ይውጠው ጀመር።

የጽዳቱ ቀን ሄስተር የባሏን መጠቅጠቂያ ተሸክማ ወጣችና ወደ ቀኝ ታጠፈች።

«እቴ፣ መንገድ ሳትሽ እንዴ?» አለ ወንድሟ ሴፕቲመስ፣ ከግራው ክንድ ቀና ብሎ።

«አልሳትኩም።»

«ስንት መቶ ዓመት ጠብቀን ገና ዛሬ ብናሸንፍ፣ አንቺ ለጠላት ታድሪያለሽ?»

«ያሸነፈውስ ሣሩ ነው። አንተ ምን አደረግህ?»

አብረውት ግራውን ክንድ የሚያርሙት ሰዎች በሴፕቲመስ ሳቁበት። እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ። «የእኛ ደም ነሽ። አባታችን ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?»

«አባታችን ሞቷል። አምብሮዝም ሞቷል» አለችና ተንበርክካ ሣሩን መንቀል ጀመረች።

ሥሩ እንቢ እያለ አስቸገራት። እኩለ ቀን ላይ ያጸዳችው አንድ አልጋ አያህልም። ጠመኔውን ደግሞ ከታች ካለው ጉድጓድ በባልዲ ማውጣት ነበረባት፤ ጉልበቷ አቀበቱን አልወደደውም። እያረፈች ወጣች፣ ደፋች፣ ተመልሳ ወረደች። ማንም አልረዳትም።

ሌላ ባልዲ ይዛ ስትመለስ ሴፕቲመስ ሁለቱ ክንዶች የሚገናኙበት ቦታ ቆሟል። ጠመኔ የሞላውን ባልዲውን ከድንበሩ ሳያሳልፍ፣ በራሱ በኩል፣ አስቀምጦታል።

«እኔ አላልፍም» አለ፣ ወደ ሸለቆው እያየ።

«ማን እለፍ አለህ?»

የእሱን ባልዲ ጎትታ በአምብሮዝ ክንድ ላይ ገለበጠችውና ባዶውን ሰጠችው።

«ይሄ ጫፉን እንኳ አይሸፍንም። ሂድ ድገም።»

«አምብሮዝ እንኳ እንዲህ አዞኝ አያውቅም» አለ ሴፕቲመስ። እያጉረመረመ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሄስተርም መጠቅጠቂያውን አነሳች።