ጣሪያ ላይ የተወረወረው መንጋጋ

በገንዳ ውሃ ከተማ ጤና ጣቢያ የልጆች ጥርስ ሳክም አንድ ነገር መደጋገም አታክቶኛል፤ በስድስት ዓመት ግድም ከኋላ የሚወጣው መንጋጋ የወተት ጥርስ አይደለም፣ ከተነቀለ አይተካም።

አንድ ቀን በሚያቃጥል ቀትር አንድ የሰሊጥ ገበሬ ትንሽ ሴት ልጃቸውን ይዘው ገቡ።

«ይህ የበሰበሰ መንጋጋዋ ይነቀልላት፤ ጣሪያ ላይ ትወረውረውና ሌላ ይበቅልላታል» አሉኝ።

ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም። መርፌም መሰርሰሪያም ሳልነካ የበሰበሰውን ብቻ በትንሽ የእጅ መሣሪያ ፍቄ አወጣሁና ቀዳዳውን ሞላሁት። ልጅቱ አላለቀሰችም።

«ሳይነቀል?» አሉ አባትየው ቅር ብሏቸው።

«አዎ፣ ሳይነቀል! ጥርስ እንደ ሰሊጥ በየክረምቱ አይዘራም» አልሁ፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ ጉንጫቸውን በጣታቸው ሳብ አድርገው ባዶ ድዳቸውን አሳዩኝ።

«የኔን አባቴ ነቅለው ጣሪያ ላይ ወረወሩልኝ፤ ይኸው እስካሁን እጠብቃለሁ።»