ከአምስት ሁለት

ትናንት አንድ የዶክትሬት ተማሪዬ የጥናት ዕቅዱን እንድፈርምለት ቡራዩ ቤቴ ድረስ ይዞልኝ መጣ። የሚያጠናው ስለ ጓደኝነትና መተማመን ነው፤ በማኅበራዊ ሥነ ልቦና የተለመደ ርዕስ ነው። ገጹን ስገልጥ አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ ተተከለ፦ «ተሳታፊዎች ለጥናቱ ሲባል የተሳሳተ መረጃ ይሰጣቸዋል፤ ሲጠናቀቅ እውነቱ ይነገራቸዋል።» ብዕሬን መልሼ ከደንኩት። ይህችን ነገር አውቃታለሁ፤ እኔም በወጣትነቴ ጽፌያታለሁ።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ጓደኛሞችን ጥንድ ጥንድ አድርጌ፣ ለየብቻ አስቀምጬ፣ አንዱ ለሌላው ጠባይ ከአምስት ነጥብ እንዲሰጥ እጠይቃለሁ፤ ለታማኝነቱ፣ ለደግነቱ፣ ለትዕግሥቱ። ከዚያ ለአንደኛው «ጓደኛህ ለአንተ የሰጠህ ይኸው» ብዬ እኔው የፈጠርኩትን ዝቅተኛ ነጥብ አሳየውና እንደገና አስሞላዋለሁ። በመጨረሻ ውሸት መሆኑን ነግሬ፣ አመስግኜ እሄዳለሁ። አማካሪዬ «ንጹሕ ጥናት ነው» አለኝ። ንጹሕ!

ቦታው ሱሉልታ ነበር። የካቲት ነው፣ ሁዳዴ ገብቷል። ታክሲያችን እንጦጦን አልፎ ሲወርድ ብርዱ በመስኮቱ ይገባል፤ ሯጮች በመንገዱ ዳር ያልፋሉ፤ ድርቆሽ የጫኑ አይሱዙዎች አገሩን ሣር ሣር አሽትተውታል። የምወርደው ሐጂ ኑሩ ሱቅ በር ላይ ነው። ሐጂ ከወሎ መጥተው እዚያው ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ከሱቁ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ደግሞ የአገሩ ገበሬ ኦቦ ደቻሳ አይጠፉም፤ ወተታቸውን አስረክበው ሲመለሱ እዚያ አረፍ ይላሉ። ሐጂ ቀረፋ የበዛበት ሻይ ያቀርባሉ፣ ኦቦ የገብስ ቆሎ ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ ይቀላለዳሉ። በየፋሲካው ኦቦ ደቻሳ አንድ በግ ከነነፍሱ ለሐጂ ይልካሉ፤ ሐጂ በራሳቸው እጅ አርደው የጎረቤታቸውን በዓል እንዲበሉ። ኢድ ሲደርስ ደግሞ ተራው የሐጂ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ? ዛሬስ ምን ልትጠይቀን ነው?» አሉኝ ኦቦ ደቻሳ።

«ይጠይቀን እንጂ!» አሉ ሐጂ ከውስጥ። «የተማረ ይግደለኝ!»

ኦቦ ደቻሳ ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔው እያነበብኩ ሞላሁላቸው። ለሐጂ ታማኝነት ስንት ይሰጣሉ ብላቸው «ከአምስት በላይ የለውም?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «ወረቀትህ ትንሽ ናት» ብለው ሳቁ።

ሱቅ ገብቼ ሐጂን አስሞላኋቸው፤ እሳቸውም ለኦቦ ደቻሳ አምስት ሰጡ። ከዚያ የፈጠርኩትን ወረቀት አሳየኋቸው። ለታማኝነት፣ ከአምስት ሁለት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት። «ደቻሳ?» አሉ ቀስ ብለው። እንደገና ሲሞሉ ለኦቦ ደቻሳ ታማኝነት ቁጥር አንድን አከበቡ። ልቤ በደስታ ዘለለች። ይህን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ።

ወዲያው «ሐጂ፣ ኦቦ ደቻሳ እንዲህ አላሉም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለጥናቱ ነው» አልኳቸው። እጄን መታ መታ አድርገው «ገባኝ ልጄ፣ ተባረክ። ሽማግሌም እንዲህ ነው የሚለው» አሉኝ። ቅጹ ላይ «እውነቱ ተነግሯቸዋል፤ ተረድተዋል» ብዬ ጻፍኩ።

እኛ ዘንድ ሊያስታርቅ የገባ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚለው «እሱ አላለህም፤ የሰው ወሬ ነው» ነው። ተበዳዩም እውነት አለመሆኑን እያወቀ ሽማግሌውን አክብሮ ዝም ይላል። ሰበታ ስናድግ አባቴ ስንቱን ሰው እንዲህ እያለ አስታርቋል! ይህን የማያውቅ የለም፤ እኔ ግን በትምህርት ብዛት ረስቼው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ላመሰግን ስመለስ አግዳሚው ባዶ ነው። ኦቦ ደቻሳን ግቢያቸው አገኘኋቸው። በጉ ከአጥሩ ሥር ታስሮ ሣር ይግጣል።

«መለሰው» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያልመለሰውን። ምን አጠፋሁ? አንተ አብረኸው ተቀምጠሃል፤ የነገረህ ነገር አለ?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ፈራሁ። «የለም» አልኳቸውና ወደ ሱቁ ሮጥኩ። እውነተኛውንና ሐሰተኛውን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሐጂ ፊት ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

«ሁለቱም ያንተ እጅ ጽሑፍ ነው» አሉ። «አንተ የተማርክ ልጅ፣ ሰው ልታጣላ ወረቀት ይዘህ ትዋሻለህ ብዬ አላስብም። ለማስታረቅ ግን ቢዋሽም ኃጢአት የለበትም። አላህ ይስጥህ፣ ደክመሃል።» አጣጥፈው መለሱልኝ።

ትናንት ተማሪዬን «እውነቱን ስትነግረው ባያምንህስ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ያኔማ የእሱን መረጃ ከጥናቱ አወጣዋለሁ፣ ዶክተር» አለኝ።

ቀና ልጅ ነው። ሳልፈርምለት ሸኘሁት፤ ለምን እንደሆነም አልነገርኩትም። እኔ የሐጂንና የኦቦ ደቻሳን አላወጣሁም። ከሁሉም ጎልቶ የታየው ለውጥ የእነሱ ነበር፤ ቢወጣ ውጤቴ ይሳሳብኝ ነበር። ዶክተር የተባልኩት በእሱ ነው።