የጎሚስታው ያልተመዘገበች ልጅ

ጎሚስታው ለውትድርና ሊመዘገብ ሳምንት ሲቀረው ለፈተናው ብሎ የጀመረውን የሩጫ ልምምድ ትቶ ልጅ የለኝም ማለትን መለማመድ ጀመረ። ማስታወቂያው ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ ጤናውን ዘርዝሮ መጨረሻ ላይ «ያላገባና ልጅ ያልወለደ» ይላል። ዕድሜው ልክ ነው፣ ቁመቱም ልክ ነው። ጤናውማ አይጠየቅም፤ የከባድ መኪና ጎማ ሲያነሳና ሲጥል የኖረ ሰው ነው። ያስቸገረችው ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ሚስትም አለችው፣ ልጅም አለችው፤ ልጅቷ ደግሞ ገና አምስት ዓመቷ ቢሆንም በዚያች ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከእሷ በላይ አለቃ የለም።

ጎሚስታው ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ሚስቱ ይህን ስለምታውቅ ማታ ማታ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ትጠይቀው ጀመር። «ልጅ አለህ?» ስትለው ዓይኑ ወደ ልጅቱ ይሮጣል። «ወደ እሷ አትይ እንጂ ሰውዬ፤ እዚያ ማን አለ ብለህ ነው?» ትለዋለች። ሚጢጢ ነው ልጅቱን የሚሏት። ነገሩ ጨዋታ መስሏት ወንበር ላይ ወጣች፤ የአባቷን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ድምጿን አጎርንና፣ «ልጅ አለህ?» አለችው።

«የለኝም ጌታዬ።»

«ጎበዝ፤ ተቀብለንሃል።»

ከዚያ በሳቅ ፍርስ አለች። ስትስቅ ከንፈሯ ጠቆር ይላል። እናትየው የልጅቱን ደረት በመዳፏ ይዛ «በቃ፣ ቀስ በይ የኔ እናት» እያለች አበረደቻት።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ከንፈር ነው። ሐኪሙ የልጅቱ ልብ ላይ ቀዳዳ እንዳለ፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ በቀዶ ጥገና መዘጋት እንዳለበት ነግሯቸዋል። እናትየው ስትንቀጠቀጥ ጎሚስታው ብዙም አልደነገጠም፤ ቀዳዳ ሲደፍን የኖረ ሰው ነው። «ይደፈናል አይደል?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ይደፈናል አለና ዋጋውን ነገረው። ያን ጊዜ ደነገጠ። ጎማ ቤት የሚያገኘው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ አበድሩኝ ቢልም የሚያበድረው አላገኘም። ማስታወቂያው የተለጠፈው በዚያ ሰሞን ነበር። ባልና ሚስት የተጻፈውን ደመወዝ በወራቱ አባዙት፤ ምግቡንና ልብሱን ሠራዊቱ ከቻለው፣ እሱ ደግሞ ሙሉውን ከላከ፣ በዓመት ውስጥ ይሞላል። ሁለቱም ደስ አላቸው። ደመወዝ የሚባለው ነገር እጅ እስኪደርስ ስንት ቦታ እንደሚቀመስ ማን ይንገራቸው።

ይመዘግብ የነበረው መኮንን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «ሚስት? ልጅ?» አለ፣ አንገቱን እንደደፋ። «የለኝም ጌታዬ።» «ቀጥል።» አበቃ። ያ ሁሉ ልምምድ በከንቱ፤ ጆሮው ቢቀላም ያየለት የለም።

ሥልጠናው ትንሽ እንደገፋ ምልምሎቹን ቆርቆሮው በፀሐይ በሚንጣጣ አዳራሽ ሰበሰቧቸው። ስለ ደመወዝ፣ ስለ አበልና ስለ ተቀናሽ ሊያስረዳ የመጣው የሒሳብ ክፍሉ ሃምሳ አለቃ ነው፤ አጭር፣ ቦርጫም፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው። ከነሱ በፊት የሠለጠኑት «ሃምሳ አለቃ ተቀናሽ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሱም ሰምቷል፤ አልከፋውም፤ እንዲያውም ሳይወደው አልቀረም።

አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ኩባያ ውኃ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት ነው» አለ። «እናታችሁም ያየችው ይሄንኑ ነው። አሁን ልብ በሉ።»

ኩባያውን እያዘነበለ ባልዲ ውስጥ ያፈስ ጀመር። «ይሄ ግብር። ይሄ ጡረታ፤ ስታረጁ ትመርቁኛላችሁ። ይሄ የሕይወት መድን። ይሄ የቁጠባ ማኅበር፤ በፈቃደኝነት ነው፣ ፈቃደኛ ያልሆነ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ቀበቶ የጠፋበት አለ? ይሄ ቀበቶ። ፍራሽ የቀደደ? ይሄ ፍራሽ።» ከዚያ ኩባያውን አንስቶ አንዴ ጥሩ አድርጎ ተጎነጨለት። «ይሄ ደግሞ ልዩ ልዩ ይባላል። ምንድነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሁልጊዜ ልዩ ልዩ አለ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተቀናሽ ኩባያውን ከፊት ለተቀመጠው ጎሚስታ አቀበለው። «እንካ፤ ደመወዝህን ጠጣ።»

ጎሚስታው ወደ ኩባያው ውስጥ አየ። ግማሽ እንኳ አልቀረም። አልጋው ጠርዝ ላይ ዓመት ብለው ያሰሉት ከሁለት ዓመት ሊያልፍ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ አልሰጣቸውም። ውኃው ለብ ያለ ነበር፤ እንደምንም ዋጠው።

«አይዟችሁ፣ የሚጨመርም አለ» ብሎ ቀጠለ ተቀናሽ። «አበል ይባላል። ከደመወዛችሁ ላይ የሚደረብ ነው። ጠረፍ የሄደ አበል ያገኛል፤ ጥይት የሚጮህበት ቀጠና የሄደ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ያገኛል።»

«ቆሞ የሚቀበል ከተገኘ» አለ ፎቁ። ፎቁ የሚሉት ከጎሚስታው በላይ ባለው አልጋ ላይ የሚተኛ፣ እግሩ ከአልጋው የሚተርፍ ረጅም ልጅ ነው።

ተቀናሽ ሰማ፣ አልተቆጣም። መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ የያዘውን ወረቀት ገለጠ። «የአባላት ቤተሰብ። ይሄ እናንተን አይመለከትም፤ እናንተ ብቻችሁን ናችሁ። ግን አንብብ ስለተባልኩ ላንብበው።» አነበበው። የተመዘገበ የአባል ሚስትና ልጅ በሠራዊቱ ሆስፒታል በነጻ ይታከማሉ፤ መድኃኒቱም፣ አልጋውም፣ ቀዶ ጥገናውም በነጻ ነው።

«ጥርስም?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ጥርስም፣ ልብም። የአንዱን ሾፌራችንን ልጅ አምና ልቡን ከፍተው ሰፍተውታል። አሁን ኳስ እየለጋ የግቢውን መስኮት ይሰብራል፤ የመስኮቱን ከአባቱ ላይ እቆርጣለሁ።»

እንደገና ተሳቀ። ጎሚስታው ባዶውን ኩባያ እንደያዘ ቀረ። ልጁን ለማዳን ብሎ ልጁን ካደ፤ በመካዱም እዚህ ግቢ ገባ፤ እዚህ ግቢ ደግሞ ልጅ ላለው ሰው ልጁን በነጻ ያድናሉ። ይህን ደጋግሞ ቢያስበው ያው ሆነበት። ማስታወቂያው ሥር አንድ መስመር ጨምረው ቢጽፉ ምን ነበረበት? ግን ለማን ብለው ይጻፉት፤ ልጅ ላለው ሰው አልተለጠፈ። ቅስሙ ስብር አለ። ያን ዕለት ምግብ አልወረደለትም፤ ድርሻውን ፎቁ በላለት።

ጥቂት ቀን ሲብሰለሰል ከረመና ወደ ሒሳብ ክፍል ሄደ። ጠባብ ክፍል ናት፤ እስከ ጣሪያው ፋይል የታጨቀባት፣ ሙጫ ሙጫ የምትሸት። ተቀናሽ ብቻውን ነበር።

«ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ቀበቶ ነው ፍራሽ?»

«ልጅ ነው።»

ተቀናሽ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አንድ ሰው ሲመዘገብ ልጅ የለኝም ቢል» አለ ጎሚስታው፣ «በኋላ ግን እንዳለችው ቢናገር፣ ልጅቷን ይመዘግቡለታል?»

ተቀናሽ ተነስቶ በሩን ዘጋው። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁ የአዳራሹ ድምፅ አልነበረም። «ያ አንድ ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ ከተናገረ፣ ለአስተዳደር መጻፍ ግዴታዬ ነው። እነሱ በሐሰት ቃል የተቀጠረ ብለው ያሰናብቱታል። የበላበትን፣ የለበሰበትን፣ የሠለጠነበትን አስልቼ ክፈል የምለው ደግሞ እኔው ነኝ። ልጅቷም አትመዘገብም፤ አባቷ አባል አይደለማ።»

«ካልተናገረስ?»

«ካልተናገረ ልጅ የለውም።»

ተቀናሽ ብዕሩን መልሶ አነሳና፣ «ሁለት ዓመት ካገለገለ በኋላ ማግባት ይፈቀድለታል» አለ። «ከዚያ ወዲህ የሚወለደው ይመዘገባል።»

«እሷ ተወልዳለች ጌታዬ።»

ተቀናሽ ክፉ ሰው ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጎሚስታው ቢያንስ ወጥቶ የሚሰድበው ሰው ያገኝ ነበር። ሰውየው ግን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ በመጨረሻ። «አንተ የመጣኸው ይሄን ልትሞላ ነው።» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። «ብትሞት መድኑ ለማን ይከፈል ነው የሚለው። ሁላችሁም ትሞላላችሁ። እዚህ ላይ ማንም አያጣራም፤ የፈለግኸውን ሰው መጻፍ ትችላለህ፣ ጎረቤትም ቢሆን።»

«ስንት ይሆናል?»

ነገረው። ቀዶ ጥገናውን ችሎ ይተርፋል።

«ከሱ ላይስ ምን ምን ይቀነሳል?»

«ከዚህኛው ላይ» አለ ተቀናሽ፣ ዓይኑን ወደ ፋይሎቹ አዙሮ፣ «ምንም አይቀነስም።»

ጎሚስታው የሚጢጢን ሙሉ ስም ቀስ ብሎ ጻፈ። ዝምድና የሚለው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። «ዘመድ በል፤ ይበቃል» አለው ተቀናሽ። ዘመድ ብሎ ጻፈ፤ የገዛ ልጁን። ሲወጣ በሩን ራሱ ተቀናሽ ከፈተለት።

የመጀመሪያው ደመወዝ ሲመጣ ፔሮሉ ላይ ፈርሞ የተረፈችውን ሙሉ በሙሉ ለሚስቱ ላከ። ልዩ ልዩ ተቆርጦበት ነበር። በዚያው ሳምንት ጥይት ለሚጮህበት ቀጠና ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ ሲባል እጁን አወጣ። ፎቁ ከላይ አልጋው አንገቱን አስግጎ፣ «አብደሃል እንዴ? ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ለማን ብለህ ነው አበል የምታሳድደው?» አለው። ጎሚስታው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወደዚያ ቀጠና የሚሄድ ሰው የኋላ ታሪኩ እንደሚጣራ የሰማው ስሙን ካስመዘገበ በኋላ ነው።

ምልምሎቹ ስልክ መደወል የሚችሉት እሁድ ከሰዓት ነው። ስልኩ ያለው ዘብ ቤቱ ውስጥ ነው፤ አንድ አስር አለቃ ሰዓቱን እያየ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ከኋላ ሰልፉ እስከ ግቢው አጥር ይደርሳል። ስለዚህ ጎሚስታው ሚስቱን እህቴ ይላታል።

«እህቴ፣ ደህና ናችሁ? ገንዘቡ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል። ምርመራው ጨረሰው» አለች ሚስቱ። «አሁን ሳትስቅም ከንፈሯ ይጠቁራል። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አታቆዪያት ብሎኛል። ምን ላድርግ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ላድርግ?»

«ልሄድ ነው» አላት። «እዚያ አበል አለ። ትንሽ ብቻ ጠብቂኝ።»

«አውቃለሁ። ወደዚያ ሊልኩህ መሆኑን የነገሩኝ ሁለት ሰዎች መጥተው ሰፈሩን ስላንተ ሲጠይቁ ነበር። እኔ እህቱ ነኝ አልኳቸው፤ ጎረቤቶቹም ደገፉኝ። እሷን ደግሞ አባትሽ የታለ ብለው ጠየቋት።»

ጎሚስታው አስር አለቃውን በጎን አየት አደረገ። «ምን አለች?»

«ራሷ ትንገርህ።»

ስልኩ ተንኳኳና የልጅቱ ድምፅ መጣ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ቢሆንም ማጎርነኗን አልተወችም። «ልጅ አለህ?»

አስር አለቃው ቀና ብሎ አየው። «የለኝም ጌታዬ» አለ ጎሚስታው። አስር አለቃው የእህቱን ልጅ የሚያጫውት መስሎት ፈገግ አለ።

«ጎበዝ፤ ተቀብለንሃል። አሁን የኔ ተራ ነው። አንተ ጠይቀኝ።»

«ምን ብዬ?»

«አባት አለሽ ወይ በለኝ። እማዬ አስጠንታኛለች። ሰዎቹ ሲጠይቁኝ አንዴም አልተሳሳትኩም።»

ጎሚስታው ጀርባውን ወደ ሰልፉ ሰጥቶ ግንባሩን የዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ አስደገፈ።

«አባት አለሽ?»

«የለኝም ጌታዬ» አለች፣ ሳትደናቀፍ።

ትንፋሿ ብቻ በስልኩ ይሰማል፤ የሚላትን እየጠበቀች ነው። አስር አለቃው ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ጎበዝ» አላት አባቷ፤ «ተቀብለንሻል።»