በመምሬ ሽፈራው የጸሎት ደብተር ላይ ያደረግኩት

ይህን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለእናቴ ሙሉውን አልነገርኩም፣ ለወንድሜ አልነገርኩም፣ በየጾሙ ከፊታቸው ለምንበረከክላቸው ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ዛሬም ከአንዲት ሴት በቀር ሙሉውን የሚያውቀው የለም። ከእሷ ቀጥሎ የሰማችሁት እናንተ ናችሁ። ቄስ ስላልሆናችሁ አትፈቱኝም፤ እኔም ፍቱኝ ብዬ አልመጣሁም።

የነፍስ አባቴ መምሬ ሽፈራው ይባላሉ። ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን ጥቁር ጠጉራቸው ነጭ እስኪሆን ቀድሰዋል። እኔ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ፤ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊም ነኝ። መምሬ ስልኬን «ሎሌህ» ነበር የሚሏት። «ሎሌህ ዛሬስ ምን አለች?» ይሉኛል፤ እኔም ስለ አዲስ ነገር ሁሉ እየተመጻደቅኩ አስረዳቸዋለሁ። ሲሰሙኝ ፈገግ ይሉ ነበር። ያ ፈገግታ አሁን ትዝ ሲለኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

መምሬ አንድ የጸሎት ደብተር ነበራቸው። ንስሐ አይጻፍበትም፤ ንስሐ የትም አይጻፍም። ሰው ሲታመም፣ ወይ በሰው ፊት የማይነገር ነገር ሲገጥመው፣ ቤታቸው ይመጣና የክርስትና ስሙን ይሰጣቸዋል። እሳቸው ስሙን ይጽፋሉ፤ ከጎኑም የመጣበትን ምክንያት በአንዲት ቃል ያሰፍራሉ። ከዚያ በላይ አይጠይቁም፣ አይጽፉም። የዳነ ሰው መጥቶ ሲነግራቸው መስመሩን በቀለም ይደመስሱታል፤ እንዲያው በሰረዝ አይደለም፣ ፊደሉ እስኪጠፋ ድረስ ነው። ደብተሩ ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም።

በእኛ አገር የክርስትና ስም እንደ ዓለም ስም በየመንገዱ አይጠራም። ለቁርባን ነው፣ ለጸሎት ነው፣ በመጨረሻም ለፍትሐት ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን አያውቀውም። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ ክፉ ሰው ካወቀው ይሠራብሃል ትለኝ ነበር። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ በዚህ ስቄ ነበር። ሳቄን አስታውሰዋለሁ። ለካ ያ የሳቅኩበት ልማድ የመምሬ ደብተር ቁልፍ ሆኖ ኖሯል! ደብተሩ በመንገድ ቢወድቅ እንኳ ያነሳው ሰው የማንን ሕመም እንዳነበበ አያውቅም። ይህን ያሰበ ሰው ኮምፒውተር አላየም፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ከኮምፒውተር ጋር ጨርሼ አላሰብኩትም።

የመምሬ ዓይን እየደከመ መጣ። መነጽሩም አልረዳቸው አለ። አንድ ቀን ጠሩኝና «ልጄ፣ እነዚህን ስሞች በትልልቁ ገልብጥልኝ፤ በእጅህ፣ እዚሁ ተቀምጠህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። አባቴን በቀበሩ እጆቻቸው ደብተሩን አቀበሉኝና ለሠርክ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ሁለት ገጽ እንደጻፍኩ ሰለቸኝ። ስልኬን አወጣሁ። ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሳኋቸው። እዚሁ ብለውኝ ነበር። በእጅህ ብለውኝ ነበር። ሰምቼ ነበር።

ማግስቱን ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ ላለ የኤአይ መተግበሪያ ሰጠሁትና «አስተካክለህ በትልልቁ ጻፍልኝ» አልኩት። ከሳምንት በፊት በዚያው መተግበሪያ የደብሩን የጥምቀት መዝገብ አስጽፌው ነበር፤ መዝገቡ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው የዓለም ስምና የክርስትና ስም ጎን ለጎን አለ። መተግበሪያው ሳልጠይቀው ሁለቱን አገጣጠመ። የክርስትና ስም፣ ከጎኑ የዓለም ስም፣ ከጎኑ ሕመሙ። ንጹሕ ሰንጠረዥ ሆኖ መጣልኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቱን በማሽኑ ማሳበብ እችላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሳብብም ኖሬአለሁ። ግን ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያነበበው ማን ነው? ማጥፋት አንድ ጣት የማስነካት ሥራ ነበር። አላጠፋሁም። አነበብኩ። እንጀራው ፊቴ እስኪደርቅ አነበብኩ። የማን ሚስት፣ የማን አባት፣ የትኛው ባልደረባዬ። መገረም ብቻ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ የአንዲት ልጅ ስም ላይ ደረስኩ። አስካለ ልበላት፤ ስሟ አይደለም፤ የአባቷንም ስም ቀይሬዋለሁ። ለታናሽ ወንድሜ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰቧ እሺ ብሎ፣ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ነበር። ከስሟ ጎን የተጻፈውን ሕመም እዚህ አልጠራውም። ሰው የሚሸሸው ሕመም ነው ማለት ይበቃል። ያን ዕለት እናቴ ዘንድ ሄጄ «እማዬ፣ ነገሩን ረጋ ብላችሁ እዩት» አልኳት፤ ለምን ስትለኝም ነገርኳት። ከየት ሰማህ ስትለኝ «ከመምሬ ደብተር» አልኩ። ለማንም እንዳትነግር አስማልኳት። ምን ዋጋ አለው! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቴ የእኔን ስም ሸሽጋ ለአክስቴ፣ አክስቴም ለጎረቤቷ ነገረች፤ ሁለት ገበያ ሳይቆም ሞላሌ ሰማ። ሽማግሎቹ ጋብቻውን ሊያፈርሱ፣ ልጁ ትምህርት ሊቀጥል ነው የሚል ሰበብ ይዘው ሄዱ። ሰበቡን ያመነ አልነበረም። አስካለ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ፈቀቅ ይሉ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

አባቷ ጋሽ በላቸው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬን ደጀ ሰላሙ ላይ ያዟቸው። ምእመኑ ቆሟል። እኔም ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜአለሁ።

«አባ፣ ከእርስዎ ደብተር ነው የወጣው እየተባለ ነው። አይደለችም ይበሉልኝ። አንዲት ቃል ናት» አሉ ጋሽ በላቸው።

መምሬ መስቀላቸውን ጨበጡ። «ጋሽ በላቸው፣ ናትም አይደለችምም አልልም» አሉ።

«ዝምታዎ ልጄን ገደላት!»

መምሬ አንገታቸውን ደፉ። ደብተሩን ማን እንደነካው ሲጠየቁ «ደብተሩ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አሉ። ደብተሩን ከእሳቸው ሌላ የነካው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። አላዩኝም። ዓይናቸው ደክሞ አይደለም፤ ወደ እኔ ቢያዩ ሕዝቡ ዓይናቸውን ተከትሎ ያየኛል። ይህ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ስሸኛቸው፣ ለምን አይደለችም እንዳላሉ ጠየቅኳቸው። እንዴት ያለ ድፍረት ነው? እንዲዋሹልኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ተማሪ አስረዱኝ። «ዛሬ ስለ አንዷ አይደለችም ካልሁ፣ ነገ ስለ ሌላዋ ዝም ስል ናት ማለቴ ነው። ዝምታዬ ለሁሉም እኩል ካልሆነ ለማንም አይሆንም።» ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው፤ ጋሽ በላቸው የነፍስ አባት ቀየሩ፣ ብዙ ቤተሰብ ተከተላቸው። መምሬ ምስጢር አውጪ የሚል ስም ወጣላቸው፤ ምስጢር ባለማውጣታቸው! ደብተሩን አቃጠሉት። አሁን ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቷል፤ የቀሩላቸውን ሰዎች ስም በቃላቸው ይዘው ይጸልያሉ።

እኔ ሰንጠረዡን ያን ሰሞን ከስልኬ አጠፋሁት። ከስልኬ ጠፋ፤ ከሌላው ቦታ ይጥፋ አይጥፋ ግን አላውቅም። የት እንደሄደ የምጠይቀው ሰው እንኳ የለም። ከወራት በኋላ የጥምቀት መዝገቡን ሳርም ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። የአስካለ የክርስትና ስም የእሷ ብቻ አልነበረም። በደብራችን ያንኑ ስም የያዙ ሌሎች ሴቶች አሉ፤ ስንት እንደሆኑ አልጽፍም። ማሽኑ መጀመሪያ ያገኛትን ወስዶ ነበር፤ ሳይጠራጠር፣ ሳይጠይቀኝ። እኔም ሳልጠራጠር፣ ሳልጠይቀው አመንኩት።

ወደ መምሬ ሮጥኩ። ልናዘዝ አይደለም፤ ልገላገል ነው። «አባ፣ ያ የተወራው ሐሰት ቢሆንስ?» አልኳቸው።

«እውነት ቢሆንስ ልጄ፣ ሊወራ ይገባው ነበር?» አሉኝ።

ሐሰት ከሆነ ሊጸጽተኝ፣ እውነት ከሆነ ግን ሊቀለኝ ነበር። በደሌ የተሳሳተ ሰው መያዜ መስሎኝ ነበር። መምሬ ግን ነገሩን ከሥሩ ነው የያዙት፤ ማወቅ የማይገባኝን ነገር አውቄ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ በየጾሙ ለንስሐ ስቀርብ ጥቃቅኑን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ መቆጣቴን፣ ጾም መግደፌን። እሳቸው «ሌላስ?» ይላሉ። ይጠብቃሉ። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላሉ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ ሌላስ ብለው የሚጠብቁት ግን ከሌላው ሰው ይልቅ ለእኔ ረዘም ያለ ይመስለኛል።

ባለፈው ወር ለመንግሥት ሠራተኞች ስለ ኤአይና ስለ ግል መረጃ ጥበቃ እንዳስተምር ዓለም ከተማ ተላክሁ። እኔን! ስለ አዋጁ ተናገርኩ። የማያስፈልግ መረጃ አትሰብስቡ፣ ለአንድ ጉዳይ የተሰጣችሁን ለሌላ አታውሉ፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ሥራው ሲያልቅ አጥፉ አልኩ። ይህን ሁሉ መምሬ አዋጅ ሳይነበብላቸው በአንድ ደብተርና በአንድ ጠርሙስ ቀለም ሲያደርጉት አይቻለሁ። ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስካለን አየኋት። ከሞላሌ ወጥታ እዚያ ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች። እጇን አወጣችና «ማሽኑ ስለ ሰው የተሳሳተ ነገር ቢናገር፣ ሰውየው ማንን ይጠይቃል?» አለች። መረጃውን የያዘውን አካል ይጠይቃል አልኩ። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ጠራኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ካሁን በፊት ጋሼ ነበር የምትለኝ፤ ከሰማችም በኋላ ጋሼ አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም። ለሕዝቡ አይደለችም ብዬ እመሰክርልሻለሁ ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እንዳታደርገው ጋሼ! እኔ አይደለሁም ብዬ መጮህ ያኔም አቅቶኝ መሰለህ? እኔ ካልሆንኩ ማናት ብለው ሌላዋን ፍለጋ ሊወጡ ነው። ናትም አይደለችምም አትበል።»

የመምሬን ምክንያት እሳቸው ሳይነግሯት ደረሰችበት። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሽማግሌ አንዷ ወጣት፣ ስሟ የማይታወቅ ሴት እንዳትጎዳ ብለው ስማቸውን አስበሉ። እንዲህ ያለ ሰው በዘመኔ በማየቴ፣ ያየሁትም በድዬው በመሆኑ፣ መደነቄንና ማፈሬን መለየት አቅቶኛል። ይቅርታ ስጠይቃት «እኔስ ሥራ ይዤ ወጣሁ። እሳቸው ግን እዚያው ናቸው» አለችኝና ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ይህን ጽሑፍ ቀድማ አንብባዋለች፤ ሁለት መስመር አስወጥታኛለች፣ የቀረው ይውጣ ብላለች።

ለመምሬ በንስሐ ልነግራቸው ተነስቼ ነበር። መንገድ ላይ ቆምኩ። በንስሐ ከነገርኳቸው ይህንንም ይሸፍኑልኛል፤ እኔ ቀሎኝ እመለሳለሁ፣ እሳቸው ምስጢር አውጪ እንደተባሉ ይቀበራሉ። ስለዚህ በመስቀላቸው ሥር አልነግራቸውም። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ እቆማለሁ፤ ጋሽ በላቸው በቆሙበት ቦታ። ደብተሩን ፎቶ ያነሳሁ እኔ ነኝ፣ ያነበብኩ እኔ ነኝ፣ የተናገርኩ እኔ ነኝ እላለሁ። ስለ ልጅቷ ናትም አይደለችምም አልልም። ከሥራ ቢያባርሩኝ፣ እናቴ ብትቀየመኝ፣ ወንድሜ ከሚስቱ ጋር ከሚኖርበት ከዘመሮ መጥቶ ቢያንቀኝ፣ ይገባኛል።

የሌሎችን ስም ያለ ፈቃዳቸው አይቻለሁ። እናቴ ለማንም እንዳልናገር ያስማለችኝን የራሴን ግን እስከዛሬ ጠብቄ ኖሬአለሁ። የክርስትና ስሜ ኃይለ ሚካኤል ነው። የፈለገ ይጸልይበት፣ የፈለገ ይርገምበት።