ሃምሳ ዓመት የዘገየ መርዶ

ኤልፍነሽ ማንደፍሮ ሆላንድ፣ ራይስዋይክ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ መሥራት ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ዴን ሃግ የገባችው ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ እኔም ያወቅኋት ያኔ ነው። በአማርኛ የምናመልክበት ትንሽ ጉባኤ አለን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሆላንዶችን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን እንሰበሰባለን። ወንበር የምትደረድረው እሷ ነች፤ የታመመ የምትጠይቀው፣ ለወለደች ገንፎ ይዛ የምትሄደውም እሷ። ብዙ አትናገርም። አባቷ ሲነሣ ግን ነገሩ ቶሎ እንዲዘጋ ፈጥና ትመልሳለች፤ መርከበኛ ነበር፣ ከአሰብ ወጥቶ ፈረንጅ አግብቶ ቀረ ትላለች።

እንዲህ ብለው ያሳደጓት እናቷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው። ማንደፍሮ ተሰማ በንግድ መርከብ ሞተር ቤት ይሠራ ነበር። ደርግ በገባ በዓመቱ፣ ኤልፍነሽ ገና ዳዴ ስትል፣ ከሮተርዳም አንድ ፖስትካርድ ላከ፤ በቅርቡ እመለሳለሁ ይላል። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናትየው ሰባት ዓመት ጠበቁ። በሰባተኛው ዓመት ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው፣ አግብቶ ነው እንጂ ቢሞትማ መርዶው ይመጣ ነበር አሉ። ሌላ ባል አላገቡም። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉም ስሙን በክፉ እንጂ በደግ አላነሡትም።

የእናቷን መርዶ ለኤልፍነሽ ያረዷት ጋሽ መንግስተኣብ ናቸው። ጋሽ መንግስተኣብ ኤርትራዊ ናቸው፤ አሰብ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኛ ይጠራል። ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተው ሻርሎይስ በሚባለው የሮተርዳም ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። እሑድ እሑድ በሜትሮ ይመጣሉ፤ የጉባኤያችን ሽማግሌ ነበሩ። አገር ቤት ሰው ሲሞትብን ዘመድ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ሁለት ሰው አስከትለው ወደ ሥራ ሳንወጣ በራችንን ያንኳኳሉ። ለዚህ ነው በሥራ ቀን ጠዋት ካየናቸው የምንደነግጠው።

ኤልፍነሽን ደግሞ እንደ ልጃቸው ነበር የያዟት። መጀመሪያ የመጣች እሑድ ተነሥታ ስሟን ከነአባቷ ስትናገር የአያቷን ስም ጠየቋት፤ ቀጥለው የእናቷን። በሳምንቱ ወፍራም ካፖርት ይዘውላት መጡ። ኸሜንተ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሄደው አብረዋት ተሰለፉ፣ ቤት እስክታገኝ አብረዋት ተንከራተቱ። ስታገባ በአባት ቦታ ቆመው መዝገቡ ላይ ፈረሙ። ልጇ ረሆቦት ያደገችው ኦፓ፣ አያቴ፣ እያለቻቸው ነው፤ እዚህ እንደተወለዱ ልጆች ሁሉ አንተ ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ይስቃሉ። እኛም አባት ያጣች አባት አገኘች ብለን ደስ ብሎን ነበር።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው መኸር ነው። ኤልፍነሽ ከምትንከባከባቸው አረጋውያን አንዷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ የቤተሰባቸውን የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ሃያ ዓመት ቤተ መዛግብት የተመላለሱ። ከሮተርዳም የተላከውን የአባቷን ፖስትካርድ አይተው አንድ ነገር ነገሯት። የሞት መዝገብ እዚህ አገር ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ በየዓመቱ ጥር ላይ አዲስ ይከፈታል። አባትሽ ሮተርዳም ውስጥ ሞቶ እንደሆነ ይታወቃል፤ አግብቶ ከሆነም ያም መዝገብ አለው አሏት።

ለጋሽ መንግስተኣብ እሑድ ዕለት ሻይ ላይ ነገረቻቸው። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ስኒውን አፋቸው ሳይደርስ መለሱትና ምን ይጠቅምሻል አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው አነሡት፤ እናትሽ የዘጋችውን በር ለምን ትከፍቻለሽ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሻል ይሄ ነው አሉ። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት መጦሪያው ድረስ መጡ። ዝናብ ነበር፤ ጥላ አልያዙም። ኤልፍነሽ ከመስታወቱ በስተጀርባ ውኃ እየተንጠባጠበባቸው ቆመው ስታያቸው የያዘችውን ትሪ አስቀመጠች፤ ማን ሞተብኝ ብላ። ማንም አልሞተም። አብሬሽ ልሂድ ልልሽ ነው የመጣሁት አሉ። እሺ አለቻቸው፤ ደስም አላት። በቀጠሮው ቀን፣ ጥር ላይ፣ ግን ሮተርዳም ጣቢያ አርባ ደቂቃ ጠበቀቻቸው። ስልካቸው ዝግ ነበር።

ብቻዋን ገባች። ቦርሳና ካፖርት መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ እርሳስና ወረቀት ብቻ ይዞ ነው ንባብ ክፍሉ የሚገባው። የአባቷን ስም ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈች፤ ምንም የለም። አንዲት የመዝገብ ሠራተኛ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በአያትሽ ስም እንሞክር፣ ያኔ የመጣ ሰው ስም እንደሰሙት ነው የሚጻፈው አለቻት። ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞከሩ። በሦስተኛው አንድ ስም ብቻ ወጣ።

ማንደፍሮ ተሰማ፣ ዕድሜ ሃያ ዘጠኝ፣ መርከበኛ። ኖቬምበር 14፣ 1975 በሮተርዳም ሞቶ ተገኘ። ፖስትካርዱን ከላከ ሰባት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ፈረንጅ አላገባም፤ አልቀረም። ኤልፍነሽ በኋላ እንደነገረችኝ ከኀዘኑ በፊት የመጣባት እፍረት ነው። እናትና ልጅ ከአርባ ዓመት በላይ ሙት ሲሰድቡ ኖረው ነበር።

ሠራተኛዋ ከታች ያለውን ስታይ አስመዝጋቢ ይላል፣ ሞቱን መጥቶ ያስታወቀው ሰው ማለት ነው አለቻት። መንግስተኣብ ክፍሎም፣ ዕድሜ ሃያ አምስት፣ መርከበኛ። ኤልፍነሽ ስሙን አይታ አላመነችም፤ ስም ይመሳሰላል። ያመነችው ፊርማውን ስታይ ነው። ጅራቱ ረዝሞ ወደ ግራ የሚመለስ ፊርማ ነው፤ በሠርጓ መዝገብ ላይ ያለው እሱው።

ሞቱ ድንገተኛ ስለሆነ የፖሊስ ወረቀት ሊኖር ይችላል፣ ያ ገና ለሕዝብ አልተከፈተም፣ ልጁ ከሆንሽ ግን ማመልከት ትችያለሽ አለቻት ሠራተኛዋ። ያን ዕለት አመለከተች። የልደት ወረቀቷ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ፈቃዱ እስኪሰጥ፣ ስድስት ሳምንት ሄደ።

በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ጋሽ መንግስተኣብ ጉባኤ አልመጡም፤ ጉልበቴን አሞኝ ነው አሉ። እሷም ምን እንዳገኘች አልነገረቻቸውም። ግን በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ረሆቦት ትምህርት ይጠይቃሉ። ከዚያ «ሌላስ?» ይላሉ። «ሌላ የለም» ትላለች። ትንፋሻቸው ይሰማታል፤ ስልኩ ይዘጋል።

ፈቃዱ ማርች መጀመሪያ ላይ መጣ፤ በዚያ ቀን አብሬያት ሄድኩ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ስስ ሰማያዊ አቃፊ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን ሳታነሣ ተናገረች። ውስጡ የታሸገ ቡናማ ፖስታ አለ፤ ፎቶ ነው፤ አስከሬኑ ከውኃ ሲወጣ የተነሣ። መክፈት መብትሽ ነው፣ እኔ ግን ባትከፍቺው እላለሁ አለች። ኤልፍነሽ ፖስታውን በእርሳሷ ጫፍ ገፋ አድርጋ አራቀችው። የቀረው አራት ገጽ ነው።

ሁለቱ ሰዎች መርከባቸውን ጥለው ሻርሎይስ ውስጥ በአንድ የመርከበኞች ማደሪያ ተጠግተው ነበር። የማደሪያው ባለቤት፣ አንዲት ባልቴት፣ ቃላቸውን ሰጥተዋል፦ ሊመሽ ሲል ሁለቱ በቋንቋቸው ተጨቃጨቁ፤ ሁለቱም ኮት ለብሰው ወጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዱ ብቻውን ተመለሰ፤ እራት አልበላም። ቀጥሎ የመንግስተኣብ ቃል አለ፦ እኔ ከቤት አልወጣሁም። ጓደኛዬ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ የሚነገረው ሰው የለም። ከሥር ፖሊሱ፣ አንሸራቶት ወደቡ ውኃ ውስጥ ወድቋል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ብሎ ጽፏል።

ኤልፍነሽ «ልጅ የለውም» የሚለው ላይ ጣቷን አኖረች። ከዚያ አቃፊውን አስተካክላ መለሰች፣ ሴትዮዋን አመሰገነች፣ ካፖርቷን ለበሰች። ወደ ሻርሎይስ እንደምንሄድ የነገረችኝ ሜትሮው ላይ ነው። አብረሽኝ ግቢ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ አይኬድበትም አለች።

ረፋዱ ላይ አንኳኳን። ጋሽ መንግስተኣብ ሲከፍቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር፤ ክራቫት ሳይቀር። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ገብተው ተቀመጡ። ቤቱ ሞቆ ነበር፤ በውኃው በኩል ያለው መጋረጃ ተዘግቷል። መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«የማደሪያው ባለቤት ቃል አለበት?»

«አለበት» አለች ኤልፍነሽ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ቀስ ብለው ነገሩን። ማንደፍሮ መመለስ ፈልጎ ነበር። ሚስቱና ልጁ ናፍቀውታል፤ ቆንስላው ምሕረት ይደረግልሃል ብሎት አምኗል። የእሳቸው ታላቅ ወንድም ግን ያኔ ከታጋዮች ጋር በረሃ ነው። ማንደፍሮ ተመልሶ ቢመረመር የእሳቸው ስም ይወጣል፣ አሰብ ያለው ቤተሰባቸው ያልቃል። አትሂድ አሉት፤ እሄዳለሁ አለ። ተናዶ ወጣ። እሳቸው ከቤት ቀሩ። በማግስቱ ፖሊስ መጣ።

«ሁለታችሁም ኮት ለብሳችሁ ወጣችሁ ነው የሚለው» አለች።

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር። ከውጭ ትራም ሲያልፍ ተሰማ፤ እስኪርቅ ጠበቁት።

«እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ተከትዬዋለሁ። ከጥጉ ሆኜ ውኃው ዳር ቆሞ አየሁት። ይብረድለት ብዬ ተመለስኩ።»

ልጅ የለውም ለምን አሉ ብላ ጠየቀቻቸው። አለው ካልኩ ለቆንስላው ይጽፋሉ፣ ከጻፉ የእኔም ስም ይገባል አሉ። በኋላ ለእናትሽ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ዓመቱ በረዘመ ቁጥር ከበደኝ። አንቺ አዳራሹ ውስጥ ተነሥተሽ ስምሽን የተናገርሽ ቀን፣ እግዚአብሔር ላከብኝ አልኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ወረቀት ይዘሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ አሉ። ሲናገሩ አላለቀሱም። የማልቀስ መብት እንደሌላቸው ያወቁ ይመስል ነበር።

«እናቴ የሞተች ጊዜ ያረዱኝ እርስዎ ነዎት» አለች ኤልፍነሽ። «አጠገቤ ሦስት ቀን ተቀመጡ። ያኔ እንኳ አልነገሩኝም።»

ተነሣች፤ እኔም ተነሣሁ። ደረጃውን ወርደን መንገድ ላይ ስንደርስ እንዲህ አለችኝ፤ ወረቀቱ የሚለውን ስነግራቸው አልወጣሁም ያሉት ወጥቻለሁ ሆነ። አሁን ተመልሼ ብጠይቃቸው ሌላ ይነግሩኛል። ልሰማው የምችል አይመስለኝም።

አዲስ አበባ ላሉት አክስቷ ራሷ ደውላ አረዳቻቸው። አክስትየዋ፣ ወለተሥላሴ ይህን ሳትሰማ ሄደች ብቻ አሉ። ዴን ሃግ ቤቷ ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀመጥን። ሰው ይመጣል፣ መቼ ሞቱ ይላል፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ሲባል ምን ብሎ እንደሚያጽናና ይጠፋዋል። መቃብሩን ጠይቃ ነበር፤ ዘመድ ያልጠየቀው አፅም ከዓመታት በኋላ ተነሥቶ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ገብቷል፤ ላዩ ሣር ነው። ጋሽ መንግስተኣብ ከሽምግልናው ለቅቄያለሁ የሚል አጭር ደብዳቤ ላኩ። ምክንያቱን ከኤልፍነሽና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ረሆቦት እንኳ አልተነገራትም፤ «ማም፣ ኦፓ ለምንድነው የማይመጣው? ጠይቂው እንጂ» ስትላት ጉልበቱ ነው ትላታለች።

ኤፕሪል ላይ አንድ ቅዳሜ ማደሪያው የነበረበትን መንገድ ልይ አለችና አብረን ሄድን። ቤቱ አሁን ተራ መኖሪያ ነው፤ በሩ ላይ ብስክሌት ተደግፏል። ከበሩ እስከ መንገዱ ጥግ ሰባ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጠረችው። ጥጉ ላይ ቆማ ወደ ወደቡ ዞረች። ከፊት ለፊት ትልቅ የጡብ መጋዘን አለ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፍናል። ከዚያ ሆኖ ውኃው አይታይም፤ ውኃው ዳር የቆመ ሰውም አይታይም።

መጋዘኑ ያኔ ላይኖር ይችላል አልኳት። በእጇ ወደ ላይ አሳየችኝ፤ ከበሩ በላይ ድንጋዩ ላይ 1911 ተብሎ ተቀርጿል። ከዚያ መጋዘኑን ዞራ ሄደች፣ እኔም ከኋላዋ። ውኃው የታየን የመጋዘኑ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ነው፤ ከዚያ እስከ ውኃው ስድስት እርምጃ አይሞላም። ጥቁርና ጸጥ ያለ ነበር። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ አላለቀሰችም፣ አልጸለየችም።

ወደ ሜትሮው ስንመለስ በሚቀጥለው ሳምንት የጠዋት ፈረቃ እንደገባች፣ የመምህርቷም ጤና እየደከመ እንደሆነ ነገረችኝ። ጋሽ መንግስተኣብ አሁንም ሻርሎይስ አሉ። ሄዳ ጠይቃቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።