የወጣም ያስወጣም

የትናየትን አንቱ ብሏት በሰላም የተለየ ሰው አላውቅም። «ምን በደልኩህ?» ትላለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ወደ ሃምሳው እየተጠጋች ነው፤ ሰቆጣ ገበያው አጠገብ ወፍጮ ቤት አላት፤ ሲመሽ ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ታገኟታላችሁ። በዚያ ላይ የደካሞች መጠጊያ ማኅበራችን የባለአደራ ቦርድ ሰብሳቢ ናት። ስሙ ይከብዳል እንጂ አምስት ሰዎች ነን። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የእንስሳት ሐኪም ስሆን የቦርዱ ጸሐፊ ነኝ። የትናየት በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ለእሷ «ጎጃሜው» ነኝ።

በጦርነቱ ዓመት ከሰቆጣ ተፈናቅላ በሰው አገር ትምህርት ቤት ወለል ላይ ከርማለች። ስትመለስ የወፍጮዋ ሞተር ተዘርፏል፤ ቤቷ ግን ቆሟል። ቤታቸው ፈርሶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩ አሮጊቶችን ስታይ እንቅልፍ አጣች። እሷ እንቅልፍ ስታጣ ሰፈሩም አይተኛም፤ በእሷ ጭቅጭቅ ማኅበሩ ተቋቋመና መልአኩ ከሚባል የሰፈራችን ሰው ላይ አንድ ህድሞ ተከራየን። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው በእንጨት ርብራብ ላይ የተደለደለ አፈር የሆነ የጥንት ቤት ነው። መውደቂያ ያጡ አራት ሰዎች አስገባንበት።

ሐምሌ ላይ መልአኩ ቤቱን ልቀቁልኝ አለ። ጣሪያው ይህን ክረምት አይችልም፣ ሰው ላይ ቢወርድ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለ። አላመንነውም። ኪራይ ሊጨምር ፈልጎ ነው፣ ሰበብ ነው አልን። የላምን ሆድ እንጂ ጣሪያ አንኳኩቼ የማላውቀው እኔ እንኳ «ገና አሥር ዓመት ይቆማል» ብዬ መሰከርኩ። ስብሰባው እዚያው ህድሞው ደጃፍ ላይ ነበርና ነገሩ ሲከር ቄስ ወልደ ሐዋርያት ብድግ አሉ። የቦርዳችን አባል ናቸው፤ ቅኔ የተማሩ ስለሆኑ ቃል ሲገጥምላቸው ደስ ይላቸዋል። መስቀላቸውን አውጥተው፣ «በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን፣ ክረምቱ ሳይወጣ ከዚህ ቤት የወጣም ያስወጣም ውግዝ ይሁን» አሉ።

መልአኩ አማትቦ ሄደ። እኛም ድል ያደረግን መሰለን። ቄሱ ሊያስሩ የፈለጉት የሚያስወጣውን ብቻ ነው፤ «የወጣም» ያሉት ቃሉ እንዲያምር ነው። ውስጥ ሆነው የሚያዳምጡት አራቱ ሰዎች ግን ይህን በምን ያውቃሉ? ግዝት እንደተነገረ ነው የሚያዘው።

ነሐሴ ገባና ዝናቡ ሌት ተቀን አላባራ አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰው እየሮጠ መጥቶ ጠራኝ። ስደርስ የጣሪያው ዋና አግዳሚ እንጨት መሐሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ውሃ የጠጣው አፈር በየቦታው ይራገፋል። ሦስቱ ግዝቱን ቢፈሩም የእንጨቱ ጩኸት ባሰባቸውና ወጥተው ጎረቤት ተጠልለዋል። እማማ ወለተ ሰንበት ግን ከጓዳው መደብ ላይ አልነሣም ብለዋል። የፃግብጂ ሰው ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣኛ ነው፤ ሲቆጡ ግን አማርኛቸው ጥርት ይላል። ሞቱን እሞታለሁ፣ ውግዝ ሆኜ ግን አልሞትም አሉ።

ተሸክመን እናውጣቸው አልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ለካ «ያስወጣም» ተብሏል! መልአኩን ያሰርንበት ገመድ የራሳችንን እጅ አስሮት ቆመናል። መልአኩ ራሱ ባሕር ዛፍ ተሸክሞ መጣና ሳይናገር ገብቶ አግዳሚውን ደገፈው። ዓይኑን ማየት አፈርኩ።

ቄስ ወልደ ሐዋርያት ለቀብር ጋዝጊብላ ሄደዋል። የትናየት ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ ውስጥ ገባች። ተመለሽ ብላት፣ «ዝም በል ጎጃሜው» አለችኝ። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

ኔትወርኩ በስንት መከራ ያዘ። ነገሩን ለቄሱ ነገረቻቸው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ወደ አሮጊቷ አስጠጋችው።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እግዚአብሔር ይፍ...»

ተቆረጠ።

«አልጨረሱም» አሉ እማማ ወለተ ሰንበት።

የትናየት ደጋግማ ደወለች፤ አይሠራም። ከላይ ጓል ወርዶ ከእግሯ አጠገብ ፈረጠ። መልአኩ ድጋፉ እየተንሸራተተ ነው፣ ውጡ እያለ ይለምናል። የትናየት መደቡ ላይ ከአሮጊቷ ጎን ቁጭ አለች። በእሷም በቄሱም፣ ከሁሉ በላይ ጣሪያው ይቆማል ባልኩት በራሴም ተናደድኩ።

እማማ አንቺ እንኳ ውጪ ልጄ አሏት። እርስዎ ካልወጡ አልወጣም አለች። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ፍቺውስ ገብቶኛል፤ ጆሮዬ ደኅና ነው። ብፈታስ ወዴት ነው የምሄደው? ዕድሜዬን ሙሉ ውጪ ያላለኝ የለም። አትውጪ ብለው የገዘቱኝ እኒያ ቄስ ብቻ ናቸው።»

የትናየት ሁለት ክፍል አላት፤ አንዱን ትኖርበታለች፣ በሌላው ጆንያ ትከምርበታለች። እኔም ትርፍ ክፍል አለኝ። ስለ ደካሞች መጠለያ ስንቱን ስብሰባ ስንቀመጥ የማናችንም ቤት አጀንዳ ሆኖ አያውቅም።

«ወደ እኔ ቤት» አለች በመጨረሻ።

«ክረምቱ እስኪወጣ?» አሉ እማማ።

እንጨቱ እንደገና ጮኸ። የትናየት ስልኩን አነሣች፤ በዚህ ጊዜ ያዘላት።

«አባ፣ ፍቺውን ይጨርሱላቸው። ከዚያ እኔን ይግዘቱኝ። እማማ ወለተ ሰንበትን ከቤቴ ካስወጣሁ ውግዝ ልሁን። ክረምት በጋ አይበሉበት። ‹የወጣም› የምትለዋንም ይተዉልኝ፤ ገበያ መውጣት ያምራቸው ይሆናል።»

«ልጄ፣ አስበሽበታል?» አሉ ቄሱ።

«አላሰብኩበትም። ካሰብኩበት እተወዋለሁ፤ ቶሎ ይበሉ።»

ፈቱ፤ ገዘቱም። ቃል ለማሳመር አንዲት ፊደል አልጨመሩም። እማማ ወለተ ሰንበት እስከ መጨረሻው አዳምጠው ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ የትናየት በብብታቸው ይዛ አንድ አንድ እርምጃ አመጣቻቸው፤ መልአኩ ድጋፉን በትከሻው ደግፎ ይዞ ሁለቱ እስኪያልፉ ቆየላቸው። እሱም ዘሎ ሲወጣ የጓዳው ጣሪያ ተደረመሰ፤ አቧራና ጭቃው በደጃፉ ተተፋ።

ዝናቡ ውስጥ ቆምን። አሮጊቷ ወደ ኋላ አላዩም፤ ቁልቁል ወደ ገበያው መንገድ ተመለከቱ።

«ቤታችን በየት በኩል ነው?» ብለው የትናየትን ጠየቋት።